የባሕር ዛፍ አገር ምሳረኞች

አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አልብሶ የኖረው ነጭ ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ ታዝማንያ ነው። ከአውስትራሊያ በስተደቡብ የምትገኝ ደሴት ነች። ላቢያርዲዬር የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ፣ የጠፉ መርከቦችን ሊፈልግ ከወጣ ጓድ ጋር ተሳፍሮ እ.ኤ.አ. በ1792 ወደዚያች ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ በደረሰ ጊዜ የዛፉን ናሙና ሰበሰበ፤ በ1800ም መልኩንና ጠባዩን ከነሳይንሳዊ ስሙ ጽፎ አሳተመ። ታዝማንያ በ1962 የዚህኑ ዛፍ አበባ የግዛቷ መለያ አድርጋ መርጣዋለች።

እኛ ስለዚህ ዛፍ ብዙ ተናግረናል። ውኃ ይጠጣል ብለን ከሰነዋል፤ ቤት ሠርተንበታል፤ እንጀራ ጋግረንበታል፤ ጉንፋን ሲይዘንም ቅጠሉን ቀቅለን ታጥነናል። በተወለደበት አገር ከእርሱ ጋር ሲታገሉ የኖሩትን ሰዎች ታሪክ ግን እምብዛም አንሰማም። ምሳረኞች እንበላቸው። እነዚህ ሰዎች በየትኛውም አገር የድኃ ሥራ ሆኖ የኖረውን እንጨት ቆረጣ ዳኛና ሽልማት፣ ማኅበርና ተመልካች ያለው ውድድር አድርገውታል። ነገሩ እንዴት ሆነ? ደግሞስ ለምን እዚያ ሆነ?

እንግሊዞች በደሴቲቱ ላይ የሰፈሩት በ1803 ነው። ያን ጊዜ ስሟ ቫን ዲመን ምድር ይባል ነበር። ነባሩን ሕዝብ በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ መጀመሪያ በጦርነት ፈጁት፤ የተረፉትንም ሰብስበው ፍሊንደርስ ወደምትባል ትንሽ ደሴት አጋዟቸው። በምትኩ ከእንግሊዝና ከአየርላንድ ወንጀለኛ የተባሉ ግዞተኞችን በመርከብ ያራግፉ ጀመር። ከግዞት ጣቢያዎቹ ሁሉ በጭካኔው የታወቀው በምዕራቡ ዳርቻ፣ በማኳሪ ወደብ ከ1822 እስከ 1833 የቆየው ነው። እዚያ ግዞተኛው የሚሠራው ዋና ሥራ እንጨት ቆረጣ ነበር። ሁዎን የሚባለውን፣ በውኃ የማይበሰብሰውን ጥድ ለመርከብ መሥሪያ እየቆረጠ፣ ግንዱን እያንከባለለ እስከ ደረቱ በሚደርስ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጎትታል፤ ያጠፋ ይገረፋል፤ ብዙዎቹም የእግር ብረት እንዳጠለቁ ይሠሩ ነበር።

ይህን ልብ እንበል። በዚያች ደሴት ላይ ምሳር መጀመሪያ የቅጣት መሣሪያ ነበር። መጽሐፈ ኢያሱን ያነበበ ሰው የገባዖንን ሰዎች ያስታውሳል፤ አታልለው ቃል ኪዳን በመግባታቸው የተበየነባቸው ፍርድ ለዘላለም እንጨት ቆራጭና ውኃ ቀጂ መሆን ነበር። የእንግሊዝ ሹማምንት የፈረዱትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ይሁንና ከማኳሪ ወደብ መዘጋት በኋላ ስድሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በዚያችው ደሴት በስተሰሜን በኩል ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ምሳር ይዘው በሕዝብ ፊት ቆሙ፤ ሕዝቡም አጨበጨበላቸው።

በመካከሉ የሆነው እንዲህ ነው። በ1851 ከባሕሩ ማዶ፣ በቪክቶሪያ፣ ወርቅ ተገኘ። ሜልቦርን በአንድ ጊዜ ሰው ጎረፈባት፤ ቤት፣ አጥርና ወደብ የሚሠራበት እንጨት በብርቱ ተፈለገ። የታዝማንያ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ደግሞ ከባሕሩ ጀምሮ ደን ነበር። ፈላጮች በየወንዙ አፍ እየሰፈሩ ግንዱን በሽብልቅ እየሰነጠቁ ለአጥርና ለጣሪያ የሚሆን ሳንቃ ያወጡና በትናንሽ መርከቦች ይልኩ ጀመር። የግዞተኛ ማጓጓዙ በ1853 ቆመ፤ በ1856 ደሴቲቱ የቆሸሸውን ስሟን ጥላ ታዝማንያ ተባለች። ከፈላጮቹ ኋላ ገበሬዎች ተከተሉ። መንግሥት ደኑን እየሸነሸነ በረጅም ጊዜ ክፍያ ለሰፋሪ ይሸጥ ነበር። ከደኑ በታች ያለው አፈር ቀይ፣ ጥልቅና ለም ነው፤ ዛሬም የድንች አገር ነው። ችግሩ በአፈሩ ላይ የቆመው ነበር።

የዚያ አገር ባሕር ዛፍ እኛ በአምስትና በሰባት ዓመቱ ለማገርና ለአጣና የምንቆርጠው ቀጭን ግንድ አይደለም። ከዘመዶቹ አንዱ ዛሬም በታዝማንያ ደን ውስጥ ወደ መቶ ሜትር ከፍታ ደርሶ ቆሟል። እግሩ ሥር እንደ ቤት ይሰፋል። ሰፋሪው እንዲህ ያለውን ሁሉ በምሳር ሊጨርስ አይችልምና አብዛኛውን ልጡን ዙሪያውን ልጦ ቆሞ እንዲደርቅ ይተወው ነበር። ከዚያ በበጋ እሳት ይለቅበታል። በዘመኑ የተነሡ ፎቶግራፎች ላይ የድንቹ እርሻ መካከል የሞቱ ዛፎች እንደ አጥንት ነጥተው ቆመው ይታያሉ።

የሚቆረጠውም ቢሆን ከሥሩ አይቆረጥም። የዛፉ እግር ያበጠ፣ ክሩ የተጣመመ በመሆኑ ምሳረኛው ከእብጠቱ በላይ መውጣት አለበት። በግንዱ ላይ በምሳር ጥቂት ይነድልና ጫፉ ብረት የለበሰ ሳንቃ ይሰካበታል። ሳንቃው ላይ ይቆማል። ከፍ ብሎ ሌላ ይነድላል፣ ሌላ ሳንቃ ይሰካል፣ ይወጣል። እንዲህ አድርጎ ሦስት አራት ሜትር ከመሬት በላይ፣ ከክንድ ብዙም በማይሰፋ ሳንቃ ላይ ቆሞ ነው ምሳሩን የሚያወናጭፈው። የሚረግጠው ሳንቃ ከሚቆርጠው ዛፍ ጋር ይነቃነቃል። ዛፉ መሰንጠቅ ሲጀምር ወርዶ መሮጥ አለበት፤ ወዴት እንደሚሮጥም ከመውጣቱ በፊት ማሰብ ነበረበት። ይህን ሥራ በጉልበት ብቻ የሚሠራ ሰው ብዙ አይቆይም። ጉልበት ይረዳል እንጂ አይበቃም፤ አንዱ ምት ወደ ታች፣ ተከታዩ ወደ ላይ እየዘመመ፣ እያንዳንዱ ከቀድሞው ጎን በጣት ስፋት ርቆ ካላረፈ ስባሪው አይፈናጠርም፤ ምሳሩ ተቀርቅሮ ይቀራል።

እንግዲህ የውድድሩ ምንጭ ይህ ነው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ በሰሜኑ ዳርቻ በአልቨርስተን አካባቢ ሁለት ምሳረኞች ማን ፈጥኖ ዛፍ ይጥላል በሚል በ25 ፓውንድ ተወራረዱ ይባላል። 25 ፓውንድ በዚያን ጊዜ የአንድ የቀን ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። የስፖርቱ ወዳጆች ልደቱን ከዚህ ይቆጥራሉ። በእኔ ግምት ግን ውርርዱ ከዚያ ቀን በፊትም ሳይኖር አይቀርም። ሁለት ጎረምሶች ሁለት ምሳር ይዘው አንድ ጫካ ውስጥ ከገቡ መፎካከራቸው አይቀርም። በእኛም አገር ለሠርግ ድግስ እንጨት በሚፈለጥበት ቀን ጉጥ የበዛበት ግንድ ለማን እንደሚተው፣ ማንስ በስንት ምት እንደሚከፍለው ዓይን ሁሉ የሚያይበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ የእኛ ፉክክር ከድግሱ ጋር ማለቁ ነው። የእነርሱ ሕግ አወጣ።

ሕግ ለማውጣት መጀመሪያ ዛፉን ከጫካ ማውጣት ነበረባቸው። ሁለት ሕያዋን ዛፎች መቼም እኩል አይሆኑም፤ አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይደርቃል፣ አንዱ ወደ ነፋሱ ያዘነበለ ነው፤ ተሸናፊ ሁሉ ምክንያት አያጣም። መፍትሔው ግንዱን በአንድ ልክ ቆርጦ፣ ልጡን ልጦ፣ ውፍረቱን ለክቶ፣ ሜዳ ላይ ማቆም ሆነ። የትኛው ግንድ ለማን እንደሚደርስ ዕጣ ይወጣል። በ1891 በላትሮብ ከተማ፣ በመርሲ ወንዝ ዳር ቤልስ ፓሬድ በተባለው ሜዳ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ብለው የሰየሙት ውድድር ተካሄደ። «የዓለም» ማለታቸው ትንሽ የሚያስፈግግ ነው፤ ዓለም ስለ ላትሮብ አልሰማም ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት የምሳረኞች ማኅበር አቋቁመው የግንዱን ልክ፣ የዳኝነቱን ሥርዓት፣ የአጀማመሩን ሕግ በጽሑፍ አኑረዋል። በዚህ በኩል ከብዙ የታወቁ ስፖርቶች ወደ ኋላ አልቀሩም፤ የቅርጫት ኳስ እንኳ የተፈለሰፈው በዚያው በ1891 መጨረሻ ነው።

የውድድሩ ዓይነቶች ሁሉ የጫካውን ሥራ ይከተላሉ። አንደኛው ቆሞ የተተከለውን ግንድ ከፊትና ከኋላ መትቶ መጣል ነው፤ ይህ ዛፍ መጣልን ይወክላል። ሁለተኛው ግንዱ ተጋድሞ፣ ምሳረኛው እላዩ ላይ ቆሞ፣ በገዛ እግሮቹ መካከል የሚቆርጥበት ነው፤ ይህም የወደቀውን ዛፍ መከርከም መሆኑ ነው። የምሳሩ ስለት ጢም እስኪላጭ የተሳለ፣ ክብደቱም ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ዓይኑን መጨፈን ያምረዋል። የዛሬዎቹ እግራቸውን ከብረት ሰንሰለት በተሠራ ካልሲ ይከላከላሉ፤ የጥንቶቹ ያ አልነበራቸውም። ሦስተኛው በሳንቃ ላይ እየወጡ ከላይ ያለውን ግንድ መቁረጥ ነው። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው የሚስቡት የመጋዝ ውድድርም አለ፤ ከእነዚህ አንዱ ወንድና ሴት ጥንድ ሆነው የሚገቡበት ሲሆን «ጃክና ጂል» ይሉታል። ጎበዝ ምሳረኛ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ግንድ ከሃያ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ለሁለት ይከፍለዋል። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አንድ አንቀጽ ሳይጨርስ ማለት ነው።

ከላትሮብ ወዲያ ነገሩ በፍጥነት ተዛመተ። ሲድኒ በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን በሚደረገው ትልቁ የእርሻ ትርኢት ላይ በ1899 አስገባችው፤ እስከ ዛሬም ከትርኢቱ አልወጣም። በኒውዚላንድም እንዲሁ ሥር ሰደደ፤ የማኦሪ ተወላጆች ከቀደሙት ምሳረኞች መካከል ናቸው። ጄሰን ዊንያርድ የተባለው ኒውዚላንዳዊ በዓለም ሻምፒዮናነት ደጋግሞ ከነገሠ በኋላ በ2023 በ50 ዓመቱ አርፏል። ታዝማንያዊው ዴቪድ ፎስተር ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ ሽልማት የወሰደ ሰው ነው። የጀርመኑ የሞተር መጋዝ ፋብሪካ ሽቲል ከ1985 ጀምሮ በስሙ የሚጠራ የውድድር ተከታታይ አቋቁሞ ቴሌቪዥን ላይ አውጥቶታል። ምሳርን ከጫካ ያባረረው የሞተር መጋዝ ሆኖ ሳለ የምሳር ውድድርን የሚደግሰው የሞተር መጋዝ ሻጭ መሆኑን ሳልጠቅስ ላልፍ አልወደድሁም።

በነገራችን ላይ ታዝማንያ ብቸኛዋ አይደለችም። በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር ላይ የሚኖሩት ባስኮች አይዝኮላሪ የሚሏቸው የራሳቸው ምሳረኞች አሏቸው። ከሰልና መርከብ ከሚሠራበት ከጥንቱ የደን ሥራቸው የወጣ ውድድር ነው። የእነርሱ ግን ጠባዩ ይለያል። የታዝማንያው የመቶ ሜትር ሩጫ ከሆነ የባስኮቹ እንደ ማራቶን ነው፤ አንዱ ሰው በተርታ የተጋደሙ ብዙ ግንዶችን አንድ በአንድ እየቆረጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። በበሬ ፍልሚያ ሜዳ ላይ ይደረጋል፤ ተመልካቹ በውድድሩ መካከል እየተጯጯኸ ይወራረዳል። ሁለት መንደሮች በሁለት ሰዎች ምሳር ይለካካሉ ቢባል ይቀላል።

አሁን ወደ ቀድሞው ጥያቄ ልመለስ። ለምን እዚያ? ሰው ሁሉ እንጨት ይቆርጣል። የኢትዮጵያ ገበሬ ምሳር ከያዘ ስንት ሺህ ዓመቱ ነው? በአማርኛችን «ፈላጭ ቆራጭ» የሚለው ቃል የማዕረግ ያህል ሆኖ ለነገሥታትና ለአምባገነኖች ተሰጥቷል፤ እውነተኛው ፈላጭና ቆራጭ ግን ምሳሩን ትከሻው ላይ ጥሎ በየሰፈሩ «የሚፈለጥ አለ?» እያለ ሲዞር ኖሯል።

አንዱ ምክንያት ባለቤትነት ይመስለኛል። የታዝማንያው ሰፋሪ የሚቆርጠው በገዛ መሬቱ ላይ የቆመውን ነው፤ የሚጥለው እያንዳንዱ ዛፍ ለእርሱ የሚጨምረው እርሻ አለ። ለሌላ የሚሠራውም ቢሆን የሰው እጥረት ባለበት አገር ዋጋውን መጠየቅ የሚችል ሠራተኛ ነበር። ከግዞተኞቹ ዘመን በኋላ በእጅ መሥራት ነውር አለመሆኑን፣ እንዲያውም መኩሪያ መሆኑን፣ አጥብቀው ማስመስከር የፈለጉ ሰዎች ናቸው። የእግር ብረት ያጠለቀ አባት የነበረው ሰው በነጭ ሱሪ ምሳር ይዞ በአደባባይ ሲቆም ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። የእኛው ፈላጭ የሚፈልጠው የሌላ ሰው እንጨት፣ በሌላ ሰው ግቢ፣ በክምር ተስማምቶ ነው። ሲጨርስ ፍልጡ ይቆጠራል እንጂ እርሱ አይታይም።

ሌላው ምክንያት ደኑ ራሱ ነው። በታዝማንያ ዛፍ እንቅፋት ነበር፤ የተረፈ፣ የበዛ ነገር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦና በአዲስ አበባ በከተሙበት ዘመን ግን የሸዋ ምሳር ሥራውን ጨርሶ ነበር። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአካባቢው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ አልቆ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዋ እንዳትነሣ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ከታዝማንያ የተወለደው ይኸው ዛፍ ነው። ዘሩን በ1890ዎቹ አጋማሽ አስገባ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሞንዶን ቪዳይዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ምኒልክ ችግኙን አሰራጩ፣ ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ማሩ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እንግዲህ በአንድ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ በላትሮብ ሜዳ ላይ ያን ዛፍና ዘመዶቹን ፈጥኖ ለሚጥል ሰው ሽልማት ይሰጥ ነበር፤ በእንጦጦ ደግሞ ያንኑ ዛፍ ለሚተክል ሰው ግብር ይማርለት ነበር። አንዱ ያመሰገነውን ምሳር ሌላው ከእጁ ሊያስጥለው ይፈልግ ነበር።

እንጦጦ የራሱ ምሳረኞች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ግን ምሳር አልያዙም። ከንጋት በፊት ተነሥተው ቅጠልና ጭራሮ ሰብስበው፣ ሠላሳ ኪሎና ከዚያ በላይ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። ለዚያ ሸክም ውድድር የለም፤ የጥበቃ ሠራተኛ እንዳይዛቸው ግን ይሮጡ ነበር። ታሪክ ጸሐፊ የታዝማንያን ሻምፒዮናዎች ስምና ሰከንድ ከጋዜጣ መቁጠር ይችላል። የእነዚህ ሴቶች ስም የተመዘገበበት ገጽ የት እንዳለ የሚነግረኝ ቢኖር ደስ ይለኛል።

የታዝማንያንም ክብር ያለ ጥላ ማየት አይገባም። የምሳረኛው ጀግንነት የተሠራው ከሌላ ሕዝብ በተነጠቀ መሬት ላይ፣ ሺህ ዓመት የቆመውን ደን በአንድ ትውልድ በመጨረስ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደኑ ተፈጭቶ ለወረቀት ፋብሪካ በመርከብ መጫን ሲጀምር በደሴቲቱ ላይ የተነሣው ጠብ ወንድምን ከወንድም ያጣላ ነበር። ከባሕሩ ማዶ ቪክቶሪያ በ2024 መጀመሪያ የተፈጥሮ ደን ቆረጣን ጨርሳ አቁማለች። በየጫካው ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ምሳር ቦታውን ለሞተር መጋዝ ለቋል። ስለዚህ የዛሬው ምሳረኛ የሚወዳደረው ማንም ለእንጀራው በማይሠራው ሥራ ነው። አባቱ ወይም አያቱ የሠሩትን ነው የሚሠራው።

ቢሆንም ውድድሩ አልሞተም። በላትሮብ የምሳረኞች መዘክር የሚሆን አዳራሽ ተሠርቷል። በእኛ ታኅሣሥ አጋማሽ፣ በእነርሱ ገና ማግስት፣ ላትሮብ ላይ የብስክሌትና የሩጫ ውድድር ሲደረግ በአንዱ ጥግ ግንዶቹ ይተከላሉ፤ ከዚያ ወደ ዴቨንፖርት፣ በአዲስ ዓመታቸው ቀን ደግሞ ወደ በርኒ ይሄዳሉ። ምሳረኞቹ ስለታቸው በጥንቃቄ የተሸፈነ ምሳሮቻቸውን በሣጥን ተሸክመው ይመጣሉ። ነጭ ሱሪና ካናቴራ ይለብሳሉ።

ከሥርዓቱ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ አጀማመሩ ነው። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ እንደ ችሎታው የቅድሚያ ሰከንድ ይሰጠዋል። ሁሉም ከየግንዳቸው ፊት ይሰለፋሉ፤ አስጀማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ መቁጠር ይጀምራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲል ሽማግሌው ገበሬ ወይም የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ምሳሩን ያነሣል። ሰባት ሲል ሌላው። አሥራ ሁለት ሲል ሌላው። ስባሪው በየአቅጣጫው ይፈናጠራል፤ ተመልካቹ ይጮኻል፤ ቆጠራው ይቀጥላል። ከመጨረሻው ግንድ ፊት ለፊት ግን የዓመቱ ሻምፒዮና ምሳሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎረቤቱ ግንዱን ግማሽ ሲያደርስ እየሰማ፣ ቁጥሩ እስኪጠራ ድረስ ዝም ብሎ ቆሟል።